«ባልንጀራዬስ ማን ነው?» የቸልተኝነት ሕግና የጥንቃቄ ግዴታ

ጉዳት የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ነው ያደረገው?» ብሎ ነው። አድራጊው ሲታወቅ ደግሞ «እንግዲያው ይካሰኝ» ይላል። ጎድቶኛል፤ ስለዚህ ይክፈል። የእንግሊዝን ሕግ በወረሱ አገሮች ግን በሁለቱ መካከል ሌላ ጥያቄ ይገባል፦ ያ ሰው ለእኔ እንዲጠነቀቅ ሕግ ያስገድደው ነበር ወይ? ጉዳቱም ተረጋግጦ፣ አድራጊውም ታውቆ ክሱ የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላልተገኘለት። የሕግ ሰዎች ይህን ግዴታ የጥንቃቄ ግዴታ ይሉታል።

በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ቸልተኛ» ስንል የሰውየውን ጠባይ መናገራችን ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ቸልተኝነት የጠባይ ስም አይደለም። ከሳሹ ተከሳሹ የጥንቃቄ ግዴታ እንደነበረበት፣ ግዴታውን እንደጣሰ፣ በመጣሱም ምክንያት ጉዳት እንደደረሰ፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ ከሚችለው ዓይነት እንዳልራቀ ማስረዳት አለበት። አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ መሟላት አያድነውም። ሁሉም አገር እንዲህ አያደርግም። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1240 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ በአጭሩ ያዛል፤ ግዴታን ለብቻው የሚመረምር ደጃፍ አላቆመም። የእንግሊዝ ዳኞች ግን አቁመዋል። እንዴት እንዳቆሙት ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1842 የተፈረደ አንድ ጉዳይ የድሮውን አስተሳሰብ በግልጽ ያሳያል። የፖስታ ሠረገላ የሚነዳ ሰው ሠረገላው መንገድ ላይ ተሰብሮበት ዕድሜ ልኩን የሚያነክስ ጉዳት ደረሰበት። ሠረገላውን በደኅና ይዞታ ለማቆየት የተዋዋለ ሰው ነበር፤ ውል የገባው ግን ከፖስታ አገልግሎቱ ኃላፊ ጋር እንጂ ከነጂው ጋር አልነበረም። ዳኞቹ ነጂውን ባዶ እጁን መለሱት። ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ነው፤ ከዚያ ከወጣን ሠረገላው ሲገለበጥ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሊከስ ነው ብለው ፈሩ። ይህ ፍርሃት ከቸልተኝነት ሕግ እስከ ዛሬ አልወጣም። መልኩን እየለወጠ በየዘመኑ ይመለሳል፤ ከዚህ በታች የምናያቸው ገደቦች ሁሉ መነሻቸው እዚያ ነው።

ነገሩን የለወጠችው ሜይ ዶኖሁ የምትባል የስኮትላንድ ሴት ናት። ኦገስት 26 ቀን 1928 ፔይዝሊ በተባለች ከተማ ከጓደኛዋ ጋር ካፌ ገባች። ጓደኛዋ አይስክሬምና በጠርሙስ የታሸገ የዝንጅብል መጠጥ ገዛችላት። ጠርሙሱ ጥቁር ስለነበር ውስጡ አይታይም። ጥቂት ከጠጣች በኋላ ጓደኛዋ የተረፈውን ስትቀዳላት የበሰበሰ ቀንድ አውጣ አብሮ ወጣ። ድንጋጤው ከሆድ ሕመም ጋር ተደራርቦ አሳመመኝ ብላ ከሰሰች።

ማንን ትክሰስ? የካፌውን ባለቤት እንዳትከስ የከፈለችው ጓደኛዋ ስለሆነች ከእርሱ ጋር ውል የላትም፤ እርሱም ቢሆን የታሸገ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያይ አይችልም ነበር። የቀረው የመጠጡ አምራች ነው። ከአምራቹም ጋር ውል የላትም፤ አይተዋወቁምም። በ1842ቱ አስተሳሰብ ብንሄድ ታሪኳ እዚህ ያበቃል። ጉዳይዋ ግን እየተንከባለለ በለንደን ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ገንዘብ ስላልነበራት እንደ ድኃ ተከራካሪ ተቆጥራ እንድትከራከር ተፈቀደላት። ሜይ 26 ቀን 1932 ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ፈረዱላት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገር ነገር አለ። ዳኞቹ ቀንድ አውጣው በጠርሙሱ ውስጥ ነበረ ብለው አልወሰኑም። የወሰኑት ያለችው እውነት ቢሆን ሕግ ይሰማታል ወይስ አይሰማትም የሚለውን ነው። ማስረጃ ከመሰማቱ በፊት አምራቹ ሞተና ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። በዓለም ዙሪያ በየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚነገርለት ቀንድ አውጣ በየትኛውም ችሎት አልተረጋገጠም።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሎርድ አትኪን የጻፉት ለአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ የቀረበ ይመስለኛል። በሉቃስ ወንጌል አንድ ሕግ አዋቂ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ተመልሶለታል። አትኪን ያንኑ ጥያቄ ወደ ችሎት አመጡት። ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ በሕግ ፊት ባልንጀራህን አትጉዳ ይሆናል አሉ፤ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ለሚለው የሕግ ሰው ጥያቄም መልሱ ጠበብ ይላል። ባልንጀራዬ ማለት አንድ ነገር ሳደርግ ወይም ሳልፈጽም ስቀር በቅርብና በቀጥታ የሚነካ፣ በዚህም ምክንያት ሥራዬን በማስብበት ሰዓት በአእምሮዬ ልይዘው የሚገባኝ ሰው ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል ጎረቤትንም ባልንጀራንም የሚጠራ በመሆኑ ይህን መርህ «የጎረቤት መርህ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እኔ «ባልንጀራ»ን እመርጣለሁ። ጎረቤት አጥር የሚለየን፣ ፊቱን የምናውቀው ሰው ነው። የአትኪን ባልንጀራ ግን ፊቱን ያላየነው ሊሆን ይችላል። አምራቹ ጠርሙሱን ሲያሽግ ሴትዮዋ በቦታው የለችም፤ ስሟንም አያውቅም። ይሁንና ያሸገውን ማንም ሳይመረምረው በቀጥታ ሊጠጣው የሚችል ሰው እንዳለ ያውቃል። የጥንቃቄ ግዴታ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ በቦታው የሌለውን ሰው ማሰብ።

ታዲያ ምን ያህሉን ሰው ማሰብ ነው የሚጠበቅብን? መለኪያው «በአግባቡ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል» የሚለው ሐረግ ነው፤ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ ይበልጥ ያስረዳኝ በ1964 የሎርዶች ምክር ቤት የወሰነው የአንድ ዓይነ ስውር ጉዳይ ነው። በለንደን የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የእግረኛ መንገድ ይቆፍራሉ። ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ ለማገጃ ብለው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ሰያፍ አጋደሙ። የሚያይ ሰው በቀላሉ ያየዋል። ነጭ በትር ይዞ በጥንቃቄ የሚሄደው ዓይነ ስውር ግን በትሩ መዶሻውን ስቶ አለፈ፤ ተደናቅፎ ወደቀ። በአደጋው የመስማት ችሎታውን አጣ። የታች ፍርድ ቤቶች ለሚያይ ሰው በቂ ጥንቃቄ ተደርጓል ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉ። የሎርዶች ምክር ቤት ገለበጠው። ከ500 ሰዎች አንዱ ዓይነ ስውር በሆነበት ከተማ፣ ዓይነ ስውራን ብቻቸውን በመንገድ እንደሚሄዱ ማንም በሚያውቅበት ዘመን፣ አንዱ በዚህ መንገድ ያልፋል ብሎ አለማሰብ አይቻልም አሉ። የሚጠበቀው ጥንቃቄም ከባድ አልነበረም፤ በትር የሚነካው ዝቅ ያለ አጥር ይበቃ ነበር። ይህን ፍርድ የምወደው ስለሚያዝን አይደለም። «መንገደኛ» ስንል በልባችን ጤነኛና ዓይናማ ሰው ብቻ እንደምንሥል አሳይቶ፣ ሥዕሉን እንድናሰፋው ስለሚያዝ ነው።

ሥዕሉ ግን ወሰን አለው። በ1924 በኒው ዮርክ አንድ ሰው መንቀሳቀስ በጀመረ ባቡር ላይ ሲንጠለጠል የባቡር ጣቢያው ሠራተኞች ደግፈው አስገቡት። በዚህ መካከል በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃው ወደቀ። ውስጡ ርችት ኖሮ ፈነዳ፤ በግርግሩም በመድረኩ ሌላ ጫፍ የቆመ ትልቅ ሚዛን በአንዲት ተሳፋሪ ላይ ወደቀባት። በ1928 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ክሷን አልተቀበለም። ዋና ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ እንዳሉት ሠራተኞቹ ቢያጠፉ እንኳ ያጠፉት በባለ ዕቃው ላይ ነው፤ ጥቅሉ ርችት እንደያዘ ምንም አያመለክትምና ራቅ ብላ የቆመችው ሴት በሐሳባቸው ልትገባ አትችልም። በልዩነት የጻፉት ዳኛ አንድሩስ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የጥንቃቄ ግዴታ ያለበት ለዓለም ሁሉ ነው አሉ። የአንድሩስ አባባል ደስ ይላል። ግዴታው ለሁሉም ነው ካልን ግን «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣል። በዚህ ረገድ ካርዶዞ ይበልጥ የታመኑ ይመስለኛል፤ ሴትዮዋ ያለ ካሳ መቅረቷ ቢያሳዝንም።

ከዚህ ሕግ ውስጥ ለመቀበል የሚከብደው ክፍል ግን ይህ አይደለም፤ አለማድረግን የሚመለከተው ነው። አንድ ሕፃን ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሲሰጥም ያየ መንገደኛ እጁን ዘርግቶ ማውጣት እየቻለ ቢያልፍ፣ በእንግሊዝ ሕግ ካሳ አይከፍልም። ወላጁ፣ የውኃ ዋና አስተማሪው፣ ገፍቶ የጣለው ሰው ይጠየቃሉ። ባዕዱ ግን አይጠየቅም። የሳምራዊው ምሳሌ ለመርሁ ስም ቢሰጥም፣ አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ በዚህ ሕግ ቢዳኙ ነፃ ይወጡ ነበር። በፈረንሳይና በጀርመን በአደጋ ላይ ላለ ሰው ሊረዱት እየቻሉ አለመርዳት በወንጀል ያስቀጣል። የእንግሊዝ ዳኞች የሚሰጡት ምክንያት አለ፦ ከመቶ ተመልካቾች የትኛው ይከሰስ? ጉዳት አታድርስ ማለትና ደግ ሥራ ማለትስ አንድ ነው? ምክንያቱ ይገባኛል። ሕፃኑን በሐሳቤ ባየሁት ቁጥር ግን አይዋጥልኝም።

ይህ መርህ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ በ2015 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት (የሎርዶች ምክር ቤትን የዳኝነት ቦታ የያዘው) የወሰነው ጉዳይ ያሳያል። በ2009 አንዲት ወጣት እናት በሌሊት ለአደጋ ጊዜ ስልክ ደወለች። የቀድሞ ፍቅረኛዋ ጥቃት አድርሶባት እንደሄደና ተመልሶ ሊገድላት እንደዛተ ተናገረች። ጥሪው የደረሰው ለአጎራባች ክልል ፖሊስ ነበር። ለሚመለከተው ፖሊስ ሲተላለፍ የግድያው ዛቻ ሳይነገር ቀረ፤ የአስቸኳይነቱ ደረጃም ዝቅ ተደረገ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደገና ደወለች፤ የተሰማው ጩኸት ነው። ፖሊሶች ሲደርሱ ተገድላ ነበር። አምስት ዳኞች ፖሊስ ለእርሷ በግል የጥንቃቄ ግዴታ አልነበረበትም አሉ፤ ገዳዩ ሌላ ሰው ነው፣ ፖሊስ አደጋውን አልፈጠረም፣ እጠብቅሻለሁ ብሎም አልገባላትም። ሁለት ዳኞች ተለዩ። እኔም ከሁለቱ ጋር ነኝ፤ እርዳታ ሊሰጥ የተቋቋመ አካል ስሟንና አድራሻዋን ይዞ ሳለ እንደ መንገደኛ ሊቆጠር አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው በ2000 የተወሰነ የአምቡላንስ ጉዳይ ነው። የአስም ሕመም ለጠናባት ሴት ሐኪሟ አምቡላንስ ጠራላት። አገልግሎቱ ጥሪውን ተቀበለ፤ መንገድ ላይ ነው እያለም መለሰ። የደረሰው ግን 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፤ ሴትዮዋም እስትንፋሷ ተቋርጦ ለከባድ ጉዳት ተዳረገች። እየመጣን ነው ባይባል ኖሮ ባሏ በራሱ መኪና ይወስዳት ነበር። አገልግሎቱ ተጠያቂ ሆነ። ልዩነቱ ቃል መግባቱና በቃሉ መታመኑ ነው፤ የሕግ ሰዎች ኃላፊነትን መውሰድ ይሉታል። ለባዕድ ሰው እንድትጠነቀቅ ያልተገደድህ ብትሆን እንኳ፣ ተወው እኔ አለሁ ካልህ በኋላ ግን ባዕድነትህ ያበቃል። የሚቆጣጠሩትን ሰው መልቀቅም እንደዚሁ ነው። በ1962 በብራውንሲ ደሴት ለሥልጠና የተወሰዱ በጥበቃ ሥር ያሉ ወጣት ጥፋተኞች ጠባቂዎቻቸው ሲተኙ አምልጠው በአቅራቢያው የቆመች ጀልባ ሰባበሩ። በ1970 የሎርዶች ምክር ቤት ጠባቂዎቹ ለጀልባዋ ባለቤቶች የጥንቃቄ ግዴታ ነበረባቸው አለ።

አካልና ንብረት ሳይነካ ገንዘብ ብቻ ሲጠፋ ወይም ጉዳቱ በቃል ሲመጣ ዳኞች ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ቃል ሩቅ ይሄዳል፤ ማን እንደሚሰማው አይታወቅም። በ1963 የተወሰነው ጉዳይ በዚህ ረገድ መሠረት ጣለ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት የደንበኛውን አቅም ለማጣራት የደንበኛውን ባንክ ጠየቀ፤ ባንኩም ደኅና ነው ብሎ መለሰ፤ ደንበኛው ከሰረ፤ ድርጅቱ ከ17,000 ፓውንድ በላይ አጣ። ዳኞቹ ልዩ ዕውቀት ያለው ሰው ለሚያምነው ጠያቂ ሲመልስ የጥንቃቄ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል አሉ። ሆኖም ባንኩ መልሱን የሰጠው «ያለ ኃላፊነት» ብሎ ስለነበር ድርጅቱ ያጣው አልተመለሰለትም። በ1990 ደግሞ የአንድ ኩባንያን ሒሳብ የመረመሩ ኦዲተሮች ሪፖርታቸውን አምኖ ኩባንያውን ለገዛ ድርጅት ግዴታ አልነበረባቸውም ተባለ፤ ሪፖርቱ የተሠራው ባለአክሲዮኖች ኩባንያቸውን እንዲቆጣጠሩበት እንጂ ገዢ እንዲያተርፍበት አልነበረምና።

ከዚያ ከ1990ው ፍርድ የወጡ ሦስት ቃላት (መገመት መቻሉ፣ ቅርበት፣ ግዴታውን መጣል ፍትሐዊና ተገቢ መሆኑ) ለብዙ ዓመታት በየክሱ እንደ መመዘኛ ቀመር ሲነበቡ ኖሩ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ስሕተት ነው አለ። ሁለት ፖሊሶች በጎዳና ላይ ዕፅ ሻጭ ሲይዙ በአጠገባቸው የምታልፍ የ76 ዓመት ሴት ላይ ወደቁባት። ጉዳቱን ያደረሰው የፖሊሶቹ የራሳቸው ድርጊት ነው፤ በድርጊት አካል መጉዳት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ግዴታው የታወቀ ስለሆነ ፖሊስ መሆናቸው አያድናቸውም። ዳኛ ግዴታን እንደ አዲስ መፍጠር ያለበት ቀድሞ ያልተፈረደበት ነገር ሲገጥመው ብቻ ነው፤ ያኔም ከቀደሙት ፍርዶች ጋር እያመሳሰለ፣ አንድ እርምጃ እየጨመረ ይሄዳል።

ግዴታ አለ ማለት ተጥሷል ማለት አይደለም። መለኪያው ምክንያታዊ ሰው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ገና በመለማመድ ላይ ያለ ሹፌር እንኳ እንደ ብቁ ሹፌር ይመዘናል (ይህ በ1971 የተፈረደ ነው)። አደጋው እምብዛም የማይደርስ ከሆነ ጥንቃቄው ይቀላል። በ1951 ከክሪኬት ሜዳ የወጣ ኳስ የመታት ሴት ተሸንፋለች፤ በ30 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ኳስ ከአጥሩ የወጣው ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ ነበርና። ጉዳቱ የከፋ ሊሆን የሚችል ከሆነ ግን ይከብዳል። በ1950 አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሠራተኛ መከላከያ መነጽር ባለማግኘቱ ያችኑ አንድ ዓይኑን አጥቶ ረትቷል፤ ሁለት ዓይን ላለው የማይሰጥ መነጽር ለእርሱ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ተጥሷል ማለትም ጉዳቱን አደረሰ ማለት አይደለም። ሻይ ጠጥተው የሚያስመልሳቸው ሦስት የሌሊት ዘበኞች ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ተረኛው ሐኪም ሳያያቸው ወደ ቤታችሁ ሂዱ አስባላቸው። አንዱ ከሰዓታት በኋላ ሞተ፤ ሻይው አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ሐኪሙ ግዴታ ነበረበት፤ ጥሷልም አለ። ሆኖም ቢታይም እንኳ ማርከሻው በጊዜ ሊደርስለት አይችልም ነበርና ሚስቱ ካሳ አላገኘችም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በየመግቢያው የሚለጠፈው «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ። ከላይ ባንኩን «ያለ ኃላፊነት» የምትለው ቃል አድናዋለች፤ ብዙ ሰውም ማስታወቂያውን ሲያነብ መብቱ ያለቀ እየመሰለው ተጎድቶ ዝም ይላል። በእንግሊዝ በ1977 የወጣው ሕግ፣ ሸማቾችን በሚመለከት ደግሞ የ2015ቱ፣ ነገሩን ለይተውታል። ንግድ የሚሠራ ሰው በቸልተኝነቱ ላደረሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት ኃላፊነቱን በምንም ማስታወቂያ ሊያስቀር አይችልም። ለጠፋ ንብረት ወይም ገንዘብ ማስታወቂያው ሊሠራ ይችላል፤ ተገቢነቱን ግን የሚመዝነው ፍርድ ቤቱ ነው እንጂ የለጠፈው ሰው አይደለም።